አባባ የሞሉት ግጥም

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በባጃጅ ሳልፍ፣ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ "ተቀበይ!" ብላ ስትጮህ ሰማሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ባጃጁን የሚነዳው ልጅ በመስታወቱ እያየኝ፣ "ምነው እማማ፣ ደህና ነዎት?" አለኝ። ደህና ነኝ ልጄ፤ ትዝ ብሎኝ ነው።

በልጅነቴ እጅ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። ጉራ አይሁንብኝና፣ እንደ እኔ የሚወረውር በአገሩ አልነበረም። አባባ ግን መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ሴት ልጃቸው በሰው ፊት ስትዘል መታየቷ አልዋጥላቸው አለ። እናቴ ብትለምን ብትለምን በመጨረሻ፣ "እሺ፣ አንድ ጊዜ በዓይኔ ልየው። ነውር ካየሁ ግን ያበቃል" አሉ። ያ አንድ ጊዜ ከደምበጫ ልጆች ጋር እዚያው ደምበጫ ላይ ስንገጥም ሆነ።

ወሩ ጥር ነው። በጭነት መኪና ተጭነን፣ መንገዱን ሙሉ የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን ደረስን። ሜዳው ወንዝ ዳር ነበር። ዝዮች ከውኃው ወጥተው ሣር ይግጣሉ፤ ፊሽካ ሲነፋ እንኳ ፈቀቅ የሚሉት ቅር እያላቸው ነው። ከሜዳው ጠርዝ ባልና ሚስት አዝማሪዎች ቆመዋል፤ እሱ ማሲንቆውን ይገዘግዛል፣ እሷ ትዘፍናለች። ደንቡን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ከሰው መሃል አንዱ "ተቀበይ!" ብሎ ስንኝ ይሰጣታል፣ እሷም ሳታዛንፍ በዜማ ታወጣዋለች። አባባ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከአዝማሪዎቹ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኳሷ እጄ ገባች። ጓደኛዬ የሺ ከግቡ ፊት ለፊት ብቻዋን ቆማለች፤ ዓይኗ ግን ዝዮቹ ላይ ነው! ደሜ ፈላ።

"ተቀበይ!" አልኳት። ዞር አላለችም። "አንቺ ልጅ ዝይ ነሽ ወይ፣ ወንዝ ወንዙን ታያለሽ!"

አዝማሪዋ ለእሷ የተሰጠ ስንኝ መሰላት። ማሲንቆው አነሣላት፣ እሷም ድምጿን ለቀቀችው፦ "አንቺ ልጅ ዝይ ነሽ ወይ፣ ወንዝ ወንዙን ታያለሽ..." ሰው ሁሉ አውካካ። ዳኛው ራሱ በሳቅ ፊሽካውን ረሳው። የሺ አፍራ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ኳሷን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የመሪጌታ ልጅ በአደባባይ ለአዝማሪ ግጥም ሰጠች! አባባን አየኋቸው፤ ብድግ ብለዋል። አለቀልኝ፣ አልኩ።

ግን የቅኔ ሰው ግማሹ የቀረ ግጥም ሰምቶ ዝም ማለት ይችላል? ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ደምበጫዋ በረኛ ቀስረው፣

"ተቀበይ! ልጄ እጅ አትሰጥም፣ ምን ትጠብቂያለሽ!" አሉ።

ለየሺ፣ ምን ቆመሽ ትጠብቂያለሽ ነው። ለበረኛዋ ደግሞ፣ ላይቀርልሽ በሩን ምን ትጠብቂያለሽ! የእኔ ስድብ ከየሺ ላይ ተነሥቶ በረኛዋ ላይ አረፈ። ሕዝቡ "እሰይ!" አለ። የሺም ቀና ብላ እጇን ዘረጋች፣ ወረወርኩላት።

ሳትይዛት አመለጠቻት። በዚያችው ኳስ ሄደው አገቡብንና በአንድ ግብ ተሸነፍን።

ማታ ቤት ደረስን። እናቴ በር ላይ ጠብቃ፣ "እህስ መሪጌታ፣ ነውር አዩ?" አለቻቸው።

"አንድ ነውር ነበር። ግማሹ የቀረ ግጥም። ሞላሁት።"

"ታዲያ አበቃ?"

"በአንድ ግብ ተሸንፋ እንዴት ያበቃል? እንዲህ ሆኖ ቤት መቀመጥ አለ እንዴ! በጠዋት ትነሣና ትለማመድ" ብለው ተቆጡ።

እኔም ስፖርት አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። አባባ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ይናፍቁኛል። ተሸንፈው ለሚያለቅሱ ልጆች ስንት ማጽናኛ ሞክሬአለሁ፣ እንደዚያች ቁጣ የሚያነሣቸው ግን አላገኘሁም። ያን ምሽት "አዎ፣ አበቃ" ቢሉ ኖሮ ምን እሆን ነበር? እኔ ምን አውቃለሁ፤ አላበቃማ!