የሟች አስተያየት

እዚህ ዌልስ፣ በአረጋውያን መኖሪያችን፣ ተለማማጆችን የምታሠለጥነውን ነርስ ሁላችንም «ሲስተር» እንላታለን። ሰዓቷ ደረቷ ላይ ተዘቅዝቆ ተሰክቷል፤ ጫማዋ ድምፅ የለውም። ሬሳ እንኳ የውሃውን ሙቀት በክርኗ ሳትለካ አታጥብም።

ትናንት ጠዋት ሚስተር ፕሪቻርድን ከተማሪዋ ከካሪስ ጋር ገነዘቻቸው። እኔ አንሶላ ይዤ ቆሜ ነበር። «አሁን በጎን እናዞርዎታለን፣ ጌታዬ» አለችና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም አለች።

ደንባችን፣ ተለማማጅ ሥራዋን ስትጨርስ ታካሚው አስተያየት ይስጥባት ይላል። ሲስተር ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ሟቹ አፍ አስጠጋች።

ካሪስ ሳቋ መጣ። «እሺ፣ ምን አሉ?»

«‹እጇ ይቀዘቅዛል፤ ነገ ባለቤቴን ስትገንዝ አሙቃው ትምጣ› ብለዋል።»

ከግድግዳው ወዲያ፣ መርዶው ገና ያልተነገራቸው ሚስታቸው ሲያንጎራጉሩ ይሰማ ነበር።