የሲስተር ዘነበች ግለ ሂስ

ሲስተር ዘነበች በአዲሎ አቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት ስትሠራ ከልቧ የናቀችው ሰው ቢኖር ኃላፊዋ አቶ ሲላስ ነው። ማኅተሙን በክር አስሮ ከወገቡ የማይለይ፣ ለአንዲት ፊርማ ሰውን ሦስት ጊዜ የሚያመላልስ፣ ለአለቃ ሲሆን ግን ወገቡ የሚተጣጠፍለት ሰው ነው። ባሏና ልጆቿ ሆሳዕና ናቸው፤ የዝውውር መልቀቂያዋን ሦስት ዓመት ይዞባታል። «ወረፋ ጠብቂ» ይላታል። ወረፋው ላይ ከእርሷ በቀር ማንም የለም።

መጀመሪያ ጉንፋን ያዛት፤ ወር ሙሉ አልለቅ አለ። ቀጥሎ አፏ ቆሰለ። በመጨረሻ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ በግራ ጎኗ ላይ እንደ መቀነት ተዘረጋ። ጎረቤቶቿ «አልማዝ ባለጭራ ነው፤ ዞሮ ከገጠመ ይገድላል» ብለው አስፈራሯት። እርሷ ግን የሚሆነውን ታውቃለች። በልጅነቷ በሽፍታ መልክ የያዛት የጉድፍ ቫይረስ ከነርቮቿ ሥር አድፍጦ ኖሯል፤ የሰውነቷ መከላከያም አፍኖ ይዞት ኖሯል። ጭንቀት ዓመታት ሲዘልቅ ያ መከላከያ ይዝላል፤ ያደፈጠውም ይነሣል።

አሥር ቀን ተኝታ ስትመለስ የዓርብ ግምገማ ጠበቃት። በጤና ጣቢያው ደንብ ሠራተኛ ሁሉ ቆሞ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ተናጋሪውን ማቋረጥ ክልክል ነው፤ የተናገረውም ቃል በቃል ተጽፎ ወደ ወረዳ ይላካል።

«ሲስተር፣ አሥር ቀን ቀርተሻል» አለ አቶ ሲላስ። «ይህ የአመለካከት ችግር ነው።»

«ታምሜ ነው። የሕክምና ፈቃዱ ፊትዎ ተቀምጧል።»

«መታመምሽን ማን ካደ? በሽታን የሚጋብዘው ግን ደካማ አመለካከት ነው። እኔ ስንት ዓመቴ፣ ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም።»

የላቦራቶሪው ሊሻን ከኋላ «በሽታውም ወረፋ ጠብቅ ተብሎ ይሆናላ» ሲል አንሾካሾከ።

አቶ ሲላስ መልቀቂያውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «የዘንድሮ ዝውውር ሰኞ ይዘጋል። ጥፋትሽን አምነሽ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርሚ፤ እኔም እፈርማለሁ።»

ዘነበች ተነሣች።

«ጥፋቴን አምናለሁ» አለች። «አቶ ሲላስን የሚያህል ሰው ሦስት ዓመት ፈርቻለሁ። ለአንዲት ፊርማ ስል እንቅልፌን፣ ምግቤን፣ በመጨረሻም ጤናዬን ገብሬያለሁ። ጤና ባለሙያ ሆኜ ጭንቀት ሰውነትን እንደሚያዳክም ለበሽተኞቼ ሳስተምር፣ የራሴን አስጨናቂ አቤት ወዴት እያልኩ ኖሬያለሁ። ይህ ከባድ ድክመት ነው።»

ጸሐፊዋ ትዝታ አንገቷን ሳታቀና ሁሉንም ጻፈች።

«ይህ ግለ ሂስ ነው?» አለ አቶ ሲላስ።

«ስለ ራሴ ነው የተናገርኩት። እፈርምበታለሁ።»

ፈረመችም። አቶ ሲላስ ወረዳው ያንን ገጽ ሲያነብ በዓይኑ ሳይታየው አልቀረም፤ ላብ አጠመቀው። ስብሰባው እንደተበተነ በለሆሳስ ለመናት፦ ገጹ ይቀደድ፣ መልቀቂያው አሁኑኑ ይፈረም። ዘነበች አልተከራከረችም፤ ገጹ ተቀደደ፣ መልቀቂያውም ተፈረመ። ድል የነሣችው እንዲህ ርካሽ ሰው መሆኑ አሳፈራት።

የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ይዛ ስትወጣ ሊሻን በር ላይ ጠበቃት። «እንግዲህ ተሻለሽ፣ ሲስተር?»

«ነርቭ በፊርማ አይድንም» አለችው። «ገና ወራት ያሠቃየኛል። ቢሆንም ሆሳዕና ልጆቼ አጠገብ እታመማለሁ።»