ከምንጣፉ ሥር የተገኘው ደለል

ቫንጄል ሉሽኒያ ከተማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና ሲጠግን ኖሯል፤ ደንበኞቹ «ኡስታ»፣ ማለትም ባለሙያው፣ ይሉታል። ያረጁ የሀብታም መኪኖች ሲያይ ግን አፍንጫውን ይነፋል። «ላያቸው ንግሥት፣ ውስጣቸውን ለቄስ» ይላቸዋል። የአየር ሞላቸው ያፈስና እንደ ታመመች ላም ተንበርክከው ያድራሉ፤ ሞተራቸው ዘይት ይጠጣል፤ አንዷ ሽቦ ካኮረፈች መቀመጫው፣ መስኮቱ፣ መብራቱ አብሮ ያኮርፋል።

አንድ ጠዋት ጎረቤቱ ናሲ ጥቁር፣ ረጅም፣ ጀርመን ሠራሽ መኪና ነድቶ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ናሲ አሥራ አንድ ዓመት ግሪክ አገር ቲማቲም ሲለቅም ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ በለኝ እንጂ ኡስታ! አንድ ሽማግሌ ሐኪም ብቻ ነው የነዳት። ገና ዘጠና ሺህ ኪሎ ሜትር።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣት?»

«ምንም… አልፎ አልፎ የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ባንዴ ይበራል። መስኮቱም እንዳሻው ይወርዳል።»

ቫንጄል በሩን ሲከፍት የቫኒላ ሽቶ ፊቱን መታው። ከሽቶው ሥር ሌላ ሽታ ነበር። ጎንበስ ብሎ የፍሬን ፔዳሉን አየ፤ ጎማው ተልጦ ብረቱ አግጧል።

«ሐኪሙ በእግሩ ነው እንዴ የሚያክመው? በዘጠና ሺህ ፔዳል እንዲህ አይበላም።»

መቀመጫውን ፈትቶ ምንጣፉን ገለጠ። ሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ እንደጠጣ ነው፤ በላዩ ቡናማ የወንዝ ደለል፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሚርመሰመሱ ነጫጭ ትሎች። የሽቦዎቹ መገጣጠሚያ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ቫንጄል ወጥቶ ግድግዳው ሥር ተፋ።

«ጎርፍ የዋጣት መኪና ናት። ማነው የሸጠልህ?»

ናሲ መሬት መሬት አየ። «የሚስትህ ወንድም፣ ፓንዴሊ። ‹ቫንጄል ራሱ መርምሯታል› ሲለኝ ጊዜ አመንኩ።»

ከትሉም ከሽታውም ይልቅ ይቺ ቃል አቅለሸለሸችው። ምንጣፉን ጠቅልሎ ጭነት መኪናው ላይ ወረወረውና ናሲን ይዞ ወደ ፓንዴሊ መኪና መሸጫ ነዳ።

ፓንዴሊ ሦስት ደንበኞች ከበውት ይስቃል። ቫንጄልን ሲያይ ትከሻውን አቅፎ ወደ ጆሮው ተጠጋ። «አማቼ፣ አትጩህ። ፀሐይ ላይ አድርቅልኝ፣ ሽቶ ጨምርበት፣ ለአንተም ድርሻ አላጣልህም። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሸጠው።»

«በእኔ ስም?»

«ታዲያ ስምህ እንጀራ ካላበላን ለምን ይጠቅማል?»

ቫንጄል ክንዱን ከትከሻው ላይ አወረደና ምንጣፉን ደንበኞቹ እግር ሥር ዘረጋው። ትሎቹ ፀሐይ ላይ ተንቀሳቀሱ። አንዷ ሴትዮ «ቱ! ቱ!» ብላ አፏን ይዛ ሸሸች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ፓንዴሊ ፊቱ ደም መስሎ የናሲን ገንዘብ እዚያው መለሰ። መኪናዋን ግን መልሶ ወሰዳት እንጂ አልጣላትም። በሁለተኛው ሳምንት ፊዬር ከተማ ለሌላ ሰው እንደሸጣት ተሰማ።

የቫንጄል ሚስት ዶኒካ ወሬው ከደረሳት ጀምሮ ምሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዞር ትላለች። በመጨረሻ አፏን ከፈተች። «ወንድሜን በአደባባይ አዋረድከው። ቤት ጠርተህ ብትነግረው ምን ነበረበት?»

«ትሉን ቤት ላመጣልሽ ነበር?»

ለፋሲካ ፓንዴሊ ቤታቸው መጣ። ለወንድሟ ብላ ዶኒካ በበዓሉ ሰው ከሰው ጋር የሚያጋጫቸውን ቀይ የተቀቀሉ እንቁላሎች አቀረበች። ፓንዴሊ አንዱን አንስቶ «ና እናጋጭ፣ ያለፈው ይለፍ» ብሎ ወደ ቫንጄል ዘረጋ።

ቫንጄል የሰውየውን ጣቶች አየ፤ ያው የቫኒላ ሽቶ ሸተተው። «ጾሜን አልፈታሁም» አለና ተነስቶ ወደ ግቢው ወጣ። ጠዋት ጾሙን ሲፈታ ያየችው ዶኒካ ግን አላጋለጠችውም።