የብርቄ ድምፅ ያለበት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሬ አላስገባም ያለኝን ቀን በትክክል አላስታውሰውም። ፍልሰታ ገብቶ ነበር መሰለኝ፤ ዝናቡ የሱቄን ቆርቆሮ ሲደበድበው ግን ትዝ ይለኛል።

ሥራ የጀመርሁበትን ቀን አልረሳም። ደብረ ማርቆስ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ አሠሪዬ ታይፕ ፊት አስቀመጠኝና «ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?» አለኝ። «አራተኛ» አልሁ። «እንግዲህ ጣትህ ይማር» አለኝ። ጣቴ ተማረ። የባለጉዳይ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ግን እስከ ዛሬ ያስቸግረኛል።

የምታነብልኝ ባለቤቴ ብርቄ ነበረች። እሷ ታነባለች፣ እኔ እመታለሁ። ኮምፒውተር ከገዛን በኋላ፣ ገበያ የምትሄድ ከሆነ ማመልከቻውን አንብባ ድምፅዋን በስልኳ ቀድታ ትተውልኝ ነበር። ድምፁን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባና እየሰማሁ እጽፋለሁ። ጉዳዩ ካለቀ በኋላም አላጠፋውም። በታይፕ ጊዜ የካርቦን ቅጂ አይጣልም ነበርና ልማዱ አልለቀቀኝም። ብርቄ ካረፈች ወዲህማ ጭራሽ እጄ እንቢ አለ።

ያን ዕለት ጠዋት ኮምፒውተሩ ልታደስ አለኝ፤ እሺ አልሁት። ታድሶ ሲነሣ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ጻፍሁ። ስክሪኑ ጨለም አለና ተመልሶ ያንኑ ጠየቀኝ። ደገምሁ። ያው ነው። ከሉማሜ የመጣ ባለጉዳይ አጠገቤ ቆሞ፣ «አባባ፣ ኮምፒውተሩ ረሳዎት እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ስልኳ ከጠፋ ቆይቷል፤ የብርቄ ድምፅ ከኮምፒውተሩ ሌላ የትም የለም።

ኮሌጅ ኮምፒውተር የምታስተምረውን ዘሀራን ደውዬ ጠራኋት። ከወሎ መጥታ እኛው ግቢ ተከራይታ ነው የምትኖረው። ዝናቡን ሳትፈራ በባጃጅ መጣች። ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫን ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ወጣ። በዚያ በኩል የይለፍ ቃሌን ተቀበላት።

«ዲስኩ ጢም ብሏል፣ ጋሼ። ዴስክቶፑ ሲነሣ ትንሽ ነገር የሚጽፍበት ቦታ ይፈልጋል፤ ሲያጣ ወደ በሩ፣ ወደ ይለፍ ቃሉ ይመልስዎታል። ቦታውን የያዘው ይሄ ብርቄ የሚለው ፎልደር ነው። ላጥፋው?»

እጇን ያዝሁት። «ተይ! ባለቤቴ ናት።»

«ባለቤትዎን እዚህ ነው እንዴ የደበቋቸው?» ብላ ሳቀች።

ፊቴን ስታይ ግን «ግድ የለም፣ እሳቸውን አንነካም» አለች። እድሳቱ ሲወርድ ያከማቻቸው ፋይሎች ነበሩ፤ ከተጫኑ በኋላ አያስፈልጉም አለችኝ። እነሱን ጠርጋ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሣችው። የይለፍ ቃሉን ጻፍሁ። ዴስክቶፑ መጣ።

አንዱን ድምፅ ከፈትሁ። ብርቄ የአንድ ገበሬ የድንበር አቤቱታ ታነባለች። መጨረሻው ላይ፣ «አራት ነጥብ። አለቀ። ምሳህን ሳትበላ እንዳትቀመጥ» ትላለች። የሉማሜው ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከማደሳችሁ በፊት ዲስኩ ቦታ እንዳለው እዩ፤ የማይተካውን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሁሉንም ገልብጣ በእጄ የሰጠችኝ ዘሀራ ናት።