ከበሩ አራት ደቂቃ

ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አራት ደቂቃ ነው። በግምት አይደለም። ሦስት ጊዜ በእግሬ ሄጄ፣ አንዱን ጊዜ የልጄን እርምጃ ለመምሰል ቀስ ብዬ፣ በሰዓቴ ለክቼዋለሁ። ሲዘንብ ጭቃው አንድ ደቂቃ ይጨምራል። ይህንንም ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ኑሮዬን የገፋሁት ዜና በመጻፍ ነው። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች ያልቆምኩበት መናኸሪያ የለም ማለት ይቻላል። ሥራው ያስለመደኝ ነገር ቢኖር አንድ ሰው የነገረኝን ከሁለተኛ ሰው ሳላጣራ አለመጻፍ ነው። ቤት ስንመርጥም የሄድኩት በዚሁ መንገድ ነበር።

ባለቤቴ አዳሚ ቱሉ ላይ የአፈር ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የእኔ ቢሮ አዳማ ነው። ለእሷ ሥራ እንዲቀርብ ብለን ባቱ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔ ሰኞ በጠዋት እወጣለሁ፣ ሳምንቱን አዳማ አንዲት ክፍል ውስጥ አድሬ ዓርብ ማታ እመለሳለሁ። ልጃችን ስድስተኛ ክፍል ልትጨርስ ስትቃረብ፣ አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ባለቤቴ ሳህን እያነሳች አንድ ነገር ነገረችኝ። ጎረቤት ልጅቷን አባትሽ የት ነው ብሎ ሲጠይቃት፣ እሱ ቅዳሜና እሁድ ነው የሚመጣው፣ እንግዳ ሲመጣ ግን ስጋ እንበላለን ብላ መልሳለች። ባለቤቴ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔም ሳቅሁ። በዚያው ሳምንት፣ ሦስታችንም በአንድ ቤት የምናድርበት ከተማ መፈለግ አለብን ተባባልን።

ደብተር ከፈትኩና ሦስት ከተማ ጻፍኩ፤ ባቱ፣ መቂ፣ አዳማ። ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ጥያቄ አስቀመጥኩ። ትምህርት ቤቱ ምን ይመስላል? መንገዱ ምን ያህል ይፈጃል?

ባቱ ብንቆይ የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። የእኔ ሥራ ግን መውጫ ሰዓት የለውም። ስብሰባ ሲጓተት፣ መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ፣ የሚጠበቅ ባለሥልጣን ሲዘገይ፣ እኔም አብሬ እዘገያለሁ። የእሷ ሥራ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ መመላለስ የምትችለው እሷ ናት ብዬ ጻፍኩ። ገጹን አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ፣ እስቲ ይሁን አለች። ባቱ ያለችውን ቤተክርስቲያኗን፣ የረቡዕ የጸሎት ጓደኞቿን አላነሳችም። እኔም ለእነሱ የሚሆን መስመር ደብተሬ ላይ አላሰመርኩም።

እሷ የወደደችው መቂን ነበር። መሃል ላይ ናት፤ ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ መንገድ እንሄዳለን። ሄደን አየናት። የሽንኩርት መኪኖች የሚጫኑበትን ሰፈር አልፈን አንድ ንጹሕ ትምህርት ቤት አገኘን። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፍሎቹን ራሳቸው እየከፈቱ አሳዩን። ትምህርት ቤቱ ግን እስከ ስምንተኛ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይተን እንደገና ቤት ልንፈልግ ነው ብዬ መቂን ሰረዝኩ። ባለቤቴ በመመለሻችን የመኪናውን መስኮት ከፍታ ሜዳውን ታይ ነበር።

አዳማ ላይ ጊዜ ወሰድኩ። መምህራን ጠየቅሁ። በመውጫ ሰዓት በሩ ላይ ቆሜ ወላጆች ጠየቅሁ። ልጇን እዚያ ለማስተማር ብላ ከአቦምሳ መጥታ ቤት የተከራየች አንዲት እናት፣ ትምህርት ቤቱን ማመስገን ስትጀምር፣ ይቅርታ ጠይቄ የልጇን ደብተር እንድታሳየኝ ለመንኳት። ገርሟት አወጣችው። በየገጹ የመምህር እርማት አለ፤ ልጁ የተሳሳተውን እንደገና ሠርቶ፣ መምህሩ እንደገና አይቶታል። የሌላ ወላጅም ደብተር አየሁ። ተመሳሳይ ነው። ሁለት ምንጭ ማለት ይህ ነው።

ቤቱን ያከራዩን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ እያለ የሚጠራቸው። የውሃ ቧንቧውን ስከፍትና ስዘጋ፣ ከበሩ ወደ ትምህርት ቤቱ እየተመላለስኩ ሰዓቴን ሳይ፣ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።

«ጋዜጠኛው» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ቤት ልትከራይ ነው ወይስ ልታጋልጠኝ?»

«እንደሚገኘው ነው ሐጂ» አልኳቸው።

የቀረው መንገዱ ነበር። የቢሮ መኪና የሚፈጀውን ጊዜ አውቃለሁ፤ ባለቤቴ የምትሄደው ግን በሚኒባስ ስለሆነ በሚኒባስ መለካት ነበረብኝ። ለክቼዋለሁ። የእረፍት ቀኔን ጠብቄ፣ ከባቱ አዳማ ተሳፍሬ መጣሁ። በሌላ ሳምንት ደግሜ ሄድኩ። ሁለቱም ጊዜ ገብቼ ከመቀመጤ መኪናው ሞላ፤ ሁለቱም ጊዜ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አዳማ ገባሁ። በደብተሬ «ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ።

በምዝገባው ዕለት ወላጆች ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት በፊት ከመካከላችን አንዱ ወረቀት አውጥቶ በመጣንበት ተራ ስማችንን ይመዘግብ ጀመር። ዘጠነኛ ነበርኩ። ጸሐፊዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምታደርግ ሴት፣ ልጅቷ በምን እንደምትመጣ ጠየቀችኝ። አብዛኛው ወላጅ የኮንትራት ባጃጅ ነው የሚላት። በእግሯ፣ አራት ደቂቃ ነው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «የታደሉ ነዎት» አለችኝ።

መስከረም ላይ ገባን። ባለቤቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ ትወጣ ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች ብዬ አስልቼ ነበር። ስትገባ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ሦስት ሰዓት ያለፈበትም ቀን አለ። ልጅቷ ጠብቃ ጠብቃ ሶፋው ላይ ትተኛለች። ምን እንደሚያዘገያት ስጠይቃት፣ መኪናው አይሞላም ትለኛለች፤ ሌላ ነገር አትጨምርም። እኔ ደግሞ በደብተሬ ያለውን አውቃለሁና፣ ምናልባት ከሥራ ዘግይታ ትወጣ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤን አልነገርኳትም። ላጣራ ወሰንኩ።

አንድ ማክሰኞ ለሥራ ቡልቡላ ሄጄ ስመለስ የቢሮውን መኪና ልኬ ባቱ መናኸሪያ ወረድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። የአዳማው ሚኒባስ ቆሟል። ባለቤቴ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ ናት፤ ጭንቅላቷን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋለች። ከእሷ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ አለ። አልቀሰቀስኳትም። ተራ አስከባሪው በሥራ የማውቀው ጠና ያለ ሰው ነው። «አካም ጅርታ» አለኝና እጄን ጨበጠ። መኪናው መቼ እንደሚሞላ ጠየቅሁት።

«እሱን ማን ያውቃል» አለ።

እኔ ሁለት ጊዜ ስሳፈር ወዲያው እንደሞላ ነገርኩት። በምን ቀን እንደሆነ ጠየቀኝ። ቅዳሜ አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ፤ ክፋት የለበትም።

«ቅዳሜማ የገበያ ቀን ነው፤ ባዶ ጋሪም ይሞላል» አለኝ። «በአዘቦት ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ተነስቶ አዳማ ማን ይሄዳል? ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚገባው።»

ከዚያ ባለቤቴን በአገጩ አመለከተኝ። ሚስቴ መሆኗን አላወቀም።

«እቺ ሴትዮ ሁልጊዜ መጀመሪያ ትገባለች፤ ሁልጊዜ ትተኛለች። ቤቷ የት ይሆን?»

ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። መኪናው እስኪሞላ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። መንገዱን በትክክል ነው የለካሁት፤ መሙላቱን ግን አልለካሁም። ሁለቱ ምንጮቼም ሁለት አልነበሩም፤ አንድ ቅዳሜ ነው ሁለት ጊዜ የነገረኝ። ጀማሪ ሪፖርተር እንዲህ ያለ ነገር ይዞልኝ ቢመጣ እመልሰው ነበር። ሞጆ ስንደርስ ነቃችና አየችኝ። መቼ ገባህ አለችኝ። ቅድም አልኳት።

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልወሰነም። ጥቅምት ላይ፣ ዝናብ የጣለ ዕለት፣ ባቱ የሥራ ጓደኛዋ ቤት አደረች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሌሊት አደረች። ታኅሣሥ ሲገባ ሰኞ ሄዳ ዓርብ የምትመጣው እሷ ነበረች። አልተጣላንም። ጥርስ ብሩሿን ይዛ ሄደች፣ ከዚያ ሹራቧን፣ ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሷን። እኔ ሳመሽ ልጅቷ ሐጂ ቤት እራቷን ትበላለች። አንድ ቀን ልወስዳት ስገባ ሐጂ፣ «ይህቺን ልጅ ለእኛ መርቀህልን ከሆነ በግልጽ ንገረን እንጂ» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ደብተሯ በየገጹ ታርሟል። ውጤቷ ጥሩ ነው። የተሳሳተችውን እንደገና ትሠራለች።

የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሲመጣ ወደ እናቷ ሄደች። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ ባቱ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። በሳምንቱ ልመልሳት ሄድኩ። የልብስ ቦርሳዋ አልተዘጋጀም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። እናቷ ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች። የውሃው ጀሪካን ሙሉ እንደነበር አይቻለሁ።

«አባዬ፣ እዚህ ብቀርስ?» አለችኝ።

ትምህርት ቤቱ ምን አጎደለብሽ አልኳት። ምንም፣ ጥሩ ነው አለች። መምህራኑስ? ጥሩ ናቸው። እንግዲያው ምክንያቱ ምንድን ነው አልኳት፤ ድምፄ በሥራ ላይ የምጠቀምበት ድምፅ ነበር፤ ራሴ ሰማሁት። ትንሽ አሰበች።

«እዚህ ከሆንኩ አንዳችሁ አለ» አለች። «እዚያ አንዳንድ ቀን ሁለታችሁም የላችሁም።»

እናቷ ስትመለስ ፊቴን አየችና የልጅቷን ደብተሮች ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ማውጣት ጀመረች።

ሰኞ ጠዋት መልቀቂያዋን ለማውጣት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ከጸሐፊዋ ክፍል ፊት ለፊት ልጆች ተሰልፈው የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ናቸው። የልጄን ክፍል ሰልፍ አየሁ፤ ቦታዋ ተዘግቷል፤ ከኋላዋ የነበረችው ልጅ ወደ ፊት ቀርባለች። ጸሐፊዋ ቅጹን ሰጠችኝ። ስም፣ ክፍል፣ የተወለደችበት ቀን ሞላሁ። «የመልቀቂያ ምክንያት» የሚለው ላይ ቆምኩ። የመኖሪያ ለውጥ ብዬ እንዳልጽፍ መኖሪያዬ አልተለወጠም። የቤተሰብ ችግር ብዬ እንዳልጽፍ እኛ ቤት የተጣላ ሰው የለም። እውነት የሆነ ቃል ፈለግሁና «ርቀት» ብዬ ጻፍኩ።

ጸሐፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበችው።

«ርቀት?» አለች። «እርስዎ አይደሉ እንዴ አራት ደቂቃ ያሉኝ?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ማኅተሙን አንስታ መታችበት። በቦታዋ ሌላ ልጅ እንደምታስገባ ነገረችኝ፤ የልጁ ወላጆች ቅርብ ቤት እየፈለጉ ስለሆነ የእኔን ቤት እለቅ እንደሆነም ጠየቀችኝ። ገና አልወሰንኩም አልኳት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣ ልጆቹ ወደየክፍላቸው ገብተው ግቢው ጸጥ ካለ በኋላ፣ ወደ ቤት ሄድኩ። ጭቃ አልነበረም፤ አራት ደቂቃ ፈጀብኝ።