ፊልሙ የጨመረው ጩኸት

ፊልም ሠሪዎቹን ወደ ጆሮ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ እግሬን በሰበረው ኖሮ! ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ።

ጆሮ የምንለው ባቡር ነጂ ነው፤ እውነተኛ ስሙ ያለው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት በፍሬን ፍተሻ ነው። ባቡር ከመነሳቱ በፊት ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ የተዘረጋው ቧንቧ በአየር ይሞላል። አየሩ የሆነ ቦታ ካፈተለከ ፍሬኑ አይታመንም። ሌላው ነጂ መለኪያውን አይቶ ይፈርምና ይሄዳል። ጆሮ ግን መለኪያውን ካየ በኋላ የሞተሩን ድምፅ ይቀንሳል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያዳምጣል። በዚያች ደቂቃ ሊያስነጥስ የፈለገ ሰው እንኳ ራቅ ብሎ ነው የሚያስነጥሰው። ዲፖው ውስጥ የዕቃ መጋዘን ስጠብቅ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ መለኪያው ያላወቀውን ቀዳዳ እሱ ሰምቶ ባቡር ሲያስቀር በዓይኔ አይቻለሁ።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት አንድ አውቶቡስ የሃዲድ ማቋረጫ ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት ቆመ። የማቋረጫው ጠባቂ ቀይ ባንዲራውን ሃዲዱ መሃል ሰክቶ ተሳፋሪዎቹን ያወርድ ጀመር። የሚመጣውን ባቡር የሚነዳው ጆሮ ነበር። ከኩርባው ወጥቶ ባንዲራውን እንዳየ ፍሬን ያዘ፣ ጡሩምባውንም ለቀቀው። ግን ሃያ ሁለት ፉርጎ የሚጎትት ባቡር እንደ ታክሲ እዚህ ጋ ወራጅ አለ ሲሉት አይቆምም። ለመቆም ስምንት መቶ ሜትር ይፈልጋል፤ ከኩርባው እስከ ማቋረጫው ያለው አምስት መቶ ነው። ተሳፋሪዎቹ አንድም ሳይቀሩ ተረፉ። ጠባቂው አልተረፈም። መርማሪዎቹ ጆሮን ነፃ አሉት፤ እሱ ግን ራሱን ነፃ ብሎት አያውቅም።

ጠባቂው የስድስት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችው። ጆሮ ከዚያ ወዲህ እሁድ በመጣ ቁጥር እነሱ ቤት ነው። የቤት ሥራዋን አብሯት ሠርቷል፣ ስትታመም ሐኪም ቤት ተሸክሟት ሄዷል። ጋሼ እያለችው አደገች፤ ትምህርቷን ስትጨርስም ሌላ ሥራ አላማራትም፣ ዲፖው ፍሬን ክፍል ገባች። ዓይንን ጨፍኖ መስማትን ያስተማራት እሱ ነው። አሁን ተረኛ ስትሆን እሷ በመጨረሻው ፉርጎ በኩል ቆማ ታዳምጣለች፣ እሱ ከፊት ሆኖ ያዳምጣል፤ እሷ እጇን ካላነሳች ባቡሩ አይነሳም። ስለ አደጋው ዕለት ግን ሁለቱም አንድ ቀን አንስተው አያውቁም።

እንግዲህ የፊልሙ አዘጋጅ መጣ። ምላሱ ቅቤ ነው። የጠባቂው ጀግንነት ተረስቶ መቅረት የለበትም አለኝ። ጆሮ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ ነበር፤ ለጠባቂው ስትል ተናገር ብዬ የጨቀጨቅኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አወራላቸው። ሥራ ላይም ቀረጹት።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ፊልሙን ጆሮ ሳሎን ሆነን አየን፤ እሱ፣ ባለቤቱና እኔ። ርዕሱ «ሃዲድ ላይ የተኛው ሞት» ይላል። ያኔ መነሳት ነበረብን። የእኛ ባቡር የናፍጣ ነው፤ እነሱ ያሳዩት ግን ጢሱን የሚያትጎለጉል፣ በአያቴ ዘመን የቀረ የእንፋሎት ባቡር ነው። ባልተቃጠለው አውቶቡስ ላይ እሳት ለቀቁበት። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ መጻሕፍት ደርድሮ ተቀምጦ ባቡሩ በመቶ ሜትር መቆም ይችል ነበር አለ። ደሜ ፈላ። ከሦስቱ ሰዓት ወሬ የቀረው ጆሮ «አየሁት» ያላት አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ስክሪኑ ሙሉ የጆሮ ፊት መጣ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ። የፍሬን ፍተሻው ነው! ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለመሆኑ በዚያ ጠዋት ነጂው ነቅቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ተኝቷል አላለም፤ እንዳይከሰስ ጠየቀ ብቻ። ወዲያው አንድ ሰው አሰቃቂ ጩኸት ጮኸ፣ ስክሪኑም ጠቆረ።

የጆሮ ባለቤት ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። እሱ ስልኩን አንስቶ ለልጅቷ ደወለ፤ ዝግ ነው። እሁድ እንደ ልማዱ ቤታቸው ሄደ። እናቷ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ልጅቷ ማንንም ማየት እንዳልፈለገች ነገረችው። በአሥራ ሰባት ዓመት ከዚያ ደጃፍ ሲመለስ የመጀመሪያው ነው። መንገድ ላይ ሳገኘው ቅስሙ ተሰብሯል።

«ነገ ተረኛዋ እሷ ናት» አለኝ። «ካልመጣች ቁልፉን አስረክቤ እወጣለሁ። እሷ ካላመነችኝ ማንም ባቡር አይስጠኝ።»

ሰኞ ጠዋት የዲፖው አጥር ፊልሙን ባየ ሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ስልኩን ደግኗል። አንዱ በአጥሩ ቀዳዳ፣ እንቅልፍ እንዴት አደረ እያለ ይሳለቃል። ተቆጣጣሪው ሌላ የፍሬን ሠራተኛ ልጥራ ቢል ጆሮ አሻፈረኝ አለ። መነሻ ሰዓቱ ሊደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እኔ የምልክት ባንዲራዎቹን ላስረክበው የሎኮሞቲቩ ደረጃ ላይ ነበርኩ።

ስምንት ደቂቃ ሲቀር መጣች። ዓይኗ አብጧል። እኔን ሰላም አላለችኝም፤ የሥራዬን ነው። ወደ መጨረሻው ፉርጎ በመሄድ ፈንታ ደረጃውን ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«ዓይንዎን ለምን እንደጨፈኑ አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለችው። «እሱን እንኳን እኔ፣ ድመታችንም ታውቃለች። የመጣሁት ሌላ ልጠይቅዎ ነው። አባቴ ጮኸ?»

ለካ ሁለት ሌሊት ያላስተኛት እሱ ተኛ አልተኛ የሚለው ጉዳይ አልነበረም።

«አልጮኸም» አላት ጆሮ።

«ሊያጽናኑኝ ከሆነ ይተዉት።»

«ላጽናናሽ ብዬ ቢሆን ድሮ እነግርሽ ነበር። አንዲት አሮጊት ከአውቶቡሱ እያወረደ ነበር፤ ሁለት እጁም እሷ ላይ ነው። ፊቱን ከጎን አየሁት። ፊሽካውን በጥርሱ ነክሷል። ድምፁን አልሰማሁትም፣ የኔ ጡሩምባ ዋጠው። ጉንጩ ግን ተነፍቶ ነበር። ሴትየዋን ወርውሮ ከሃዲዱ አወጣት፤ እሱ ግን ጊዜ አልነበረውም። ፊሽካ የነከሰ ሰው አይጮህም፣ ልጄ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈራሁ። ባቡሩን የነዳሁት እኔ ነኛ።»

እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም።

«ፊሽካው እናቴ መሳቢያ ውስጥ አለ» አለች። «የጥርስ ምልክት አለበት። እስከ ዛሬ ሕፃን ሆኜ የነከስኩት እኔ ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ በእጅጌዋ ፊቷን ጠርጋ ወረደች። ሃያ ምናምኑን ፉርጎ በእግሯ አልፋ መጨረሻው ጋ ስትደርስ ባለስልኮቹ በአጥሩ ጥግ ጥግ ተከትለዋት ሮጡ። አየሩ ተሞላ። እሷም ስልኮቹ ሁሉ እንደተደገኑባት ዓይኗን ጨፈነች። ጆሮም ከፊት ጨፈነ። ደቂቃዋ የማታልቅ መሰለችኝ። እጇን አነሳች፤ ባቡሩ አራት ደቂቃ ዘግይቶ ወጣ።

በማግስቱ አንዱ የቀረጸውን ምስል ስልኬ ላይ አገኘሁት፤ የፍሬን ሠራተኛዋም በሥራ ሰዓት ተኝታ ተያዘች ይላል። መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። እየፈራሁ ወስጄ አሳየኋት። እስከ መጨረሻው አየችው፣ ሳቀች፣ ስልኬንም መለሰችልኝ። አንገቷ ላይ ያረጀ ፊሽካ ተንጠልጥሏል።