ፖምፓው ውስጥ የተገኘው ውሃ

ወንድምአገኝ ወልደ ዮሐንስ በጎንደርና በኮላ ድባ መካከል ሰውና እህል የሚያመላልስ የፒክአፕ ሹፌር ነው። አባቱ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። እሱም በልጅነቱ ዳዊቱን ጨርሶ ድቁና ተቀብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ልቡ ከዜማው ይልቅ ወደ ሞተር ድምፅ አዘነበለና በዚያው ቀረ። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የደፉት እናቱ እማሆይ ሸዋአየሁ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል፤ አይናገሩትም እንጂ።

መኪናዋ አሮጊት ናት። ቀለሟ ለቋል፣ አንደኛው በሯ የሚዘጋው በገመድ ታስሮ ነው። መንገዱ የሚያልፍበት የደምቢያ ሰው ግን ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር፣ ሙሽራ የሚሄድ ሲሆን፣ እህል ለገበያ ሲጫን፣ «ወንድምአገኝ ካለ ይደርሳል» ይባላል። ለሱ ከዚህ ቃል የሚበልጥ ሀብት አልነበረውም። ኩራቱም ቀላል አልነበረም፤ መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ሲያይ ጥሩንባ እየነፋ የሚያልፍ ሰው ነበር።

እንግዲህ የዚህ ሰው መኪና ናት ክረምቱ እንደወጣ መቆም የጀመረችው። መጀመሪያ ሜዳው መሀል ሞተሩ ተንገጫገጨና ጸጥ አለ፤ ተሳፋሪው እቃውን ተሸክሞ በእግሩ ሄደ። ጎንደር ውስጥ ናፍጣ ወደ ሞተር የሚገፋውን ፖምፓ የሚሠራ ዳኛው የሚባል መካኒክ ፈታትቶ አየና፣ «ውሃ ገብቶበታል» አለው። «ናፍጣ ለፖምፓ ምግብም ቅባትም ነው፤ ውሃ ሲቀላቀልበት ይደርቅና ይዝጋል። ከየት ነው የምትቀዳ?»

የማደያው ሰልፍ ሲረዝም ወንድምአገኝ ኮላ ድባ ካሉት ከናፍጣ ቸርቻሪው ከአያ ሰጠኝ በጀሪካን ይገዛ ነበር። ነገሩን ሳያጣራ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት ፊታቸው ቆሞ፣ «አያ ሰጠኝ፣ ናፍጣ ብለው ውሃ ሸጡልኝ» አላቸው። ሽማግሌው በማርያም ማሉ፤ የሰማቸው የለም። ወንድምአገኝ ይደርሳል ካለ ይደርሳል፣ ውሃ ነው ካለም ውሃ ነው። ደንበኞቻቸው እያደር ወደ ሌላ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ወንድምአገኝ ተሰልፎ ከማደያ ብቻ መቅዳት ጀመረ። መኪናዋ ግን እንደገና ቆመች። ያን ቀን የጫናት ዝናሽ የምትባል ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። ደግነቱ ሌላ መኪና ደርሶ ወሰዳት፣ በሰላምም ተገላገለች። ባሏ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ እሷን ደግፎ ወደዚያኛው መኪና ሲያሻግር አንዴ ዞር ብሎ ወንድምአገኝን አየው እንጂ። ወንድምአገኝ የዚያን ዕለት አንገቱን ደፍቶ ገባ፤ መኪናዋን ሊሸጣትም ቆረጠ።

ዳኛው በዚህኛውም ጊዜ ያገኘው ውሃ ነው። የዛገውን ፖምፓ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ አሳየው። «ከዚያው ማደያ የቀዱ ሌሎች ደህና ናቸው። መኪናዋ የት ታድራለች?»

«ከግቢያችን።»

«እንግዲያ ግቢህን ጠብቅ።»

የቁስቋም ወርኃዊ በዓል በዋለበት ጠዋት ወንድምአገኝ መኪናዋን ለገዢ ሊያሳይ ተነስቶ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። እናቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል። ኮዳቸውን ከነጠላቸው ስር አወጡ፣ የናፍጣውን ክዳን ከፈቱ፣ አማተቡና ጠበሉን ቀስ አድርገው አንቆረቆሩት። «ልጄን አደራ» ሲሉ ሰማቸው።

ደሙ ፈልቶ ወደ ግቢው ወጣ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጠበል እያጠጣኋት ነዋ» አሉት፣ ክዳኑን እየገጠሙ። «ቀድሞ ላይዋን ብቻ ስረጭ ኖርኩ። በክረምቱ ደግሞ በዚያ መንገድ መኪና ተገለበጠ ሲሉ ሰማሁ። የታመመስ ቢሆን ጠበል ይጠጣል እንጂ መረጨት ብቻ መች ይበቃዋል? ከውስጧ ይግባ ብዬ ከዚያ ወዲህ በየወሩ አጠጣታለሁ። ምነው?»

ታላቅ ወንድሙ ኪዳነ ማርያም የሞተው ወደ ሳንጃ ሲወርድ መኪና ተገልብጦበት ነው። ወንድምአገኝ መልሱ አፉ ላይ ነበር፤ መኪናዋን ያቆማት ይኸው ጠበል መሆኑን፣ ዝናሽ መንገድ ላይ የቀረችው፣ አያ ሰጠኝም ገበያቸውን ያጡት በዚሁ ሰበብ መሆኑን። ይህን ቢነግራቸው ግን እናቱ ጸሎቴ ሰው ጎዳ እያሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሊብሰለሰሉ ነው። ተናደደባቸው፣ አዘነላቸው፣ የሚወዳቸውን ያህልም ሳሳላቸው።

«እማዬ፣ እሷ ብረት ናት» አለ በመጨረሻ። «የሚነዳት እኔ፣ የሚሳሳተውም እኔ ነኝ። ከእንግዲህ እኔን አጠጪኝ።»

እማሆይ ሸዋአየሁ ትኩር ብለው አዩት። ድቁናውን ከተወ ወዲህ ጠበል ስጪኝ ብሏቸው አያውቅም። ኮዳውን በሁለት እጃቸው አቀበሉት። የተረፈውን በባዶ ሆዱ ጠጣው።

መሸጡ ቀረ። ዳኛው የናፍጣውን ታንከር አጥቦ ፖምፓውን አደሰለት። በገበያ ቀን ወንድምአገኝ ኮላ ድባ ወርዶ ያን ጊዜ ከቆመበት ቦታ ቆመ።

«አያ ሰጠኝ፣ ውሃው የገባው ከገዛ ቤቴ ነው። በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ፣ በሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ።»

«ከቤትህ? እንዴት ሆኖ?»

ወንድምአገኝ የመኪናዋን የናፍጣ ክዳን ከፈተላቸው። ሽማግሌው ፊቱን አይተው ጥያቄውን አልደገሙትም፤ ጀሪካናቸውን አንስተው ቀዱለት።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ቆማ አታውቅም። መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ሲያይም ወንድምአገኝ ጥሩንባውን ትቶ ይወርዳል። በቁስቋም ዕለት ጠዋት ጓደኞቹ ቁርስ ሲጋብዙት «ጠበል ጠጥቻለሁ» ይላል፤ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር፣ አሁን ለምደውታል።

እናቱም ለጎረቤቶቻቸው ይናገራሉ። «መኪናዋን ሳጠጣ ከረምኩ፤ ለካ መጠጣት የነበረበት ልጄ ኖሯል» ይላሉ።

ወንድምአገኝ ከግቢው ሆኖ ይሰማቸዋል። እስካሁን አላረማቸውም፤ የሚታረም ነገር ስለመኖሩም እርግጠኛ አይደለም።